የሰው ጥላ

በኛ ከተማ በቫልዲቪያ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ገብቶ ይቀመጣል፣ ልሂድ ማለት የለም።
ከካዬ-ካዬ ወንዝ ጉሙን እየሳበ፣
የቤት ቆርቆሮውን እየደበደበ፣
ሰኔን ከሐምሌ ጋር ባንድ ክር ሰፍቶ
ያከርመናል በር ዘግቶ።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ወረቀት ፋብሪካ፣
መርፌው ቀዩን እንዳይነካ
የእንፋሎት መለኪያ ስጠብቅ ኖሬ
በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ሐሙስ ቀን፣ ወጣሁ ተባርሬ።
«ማሽኑ ራሱን ያያል» አሉኝ በትሕትና፤
የዝናብ ካፖርት ሰጡኝ፣ ጀርባው ላይ ዓርማቸው ያለበት፣ ለምስጋና።

ኤዴልሚራ ደግሞ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣
የአርፋጅን ሰበብ ሰምታ አሳላፊ፣
አንድ ማታ፣ ሾርባው ሳይበርድ፣
«እኔም ለቅቄአለሁ» አለች፣ «ብቻህን አትንደድ»።
ሥራዋን እንደ ዋዛ ጥላ
ያወራችኝ ስለ ጥላ።
«እዚህ አገር ስንት ጃንጥላ ይሰበራል በሳምንት?
ነፋስ ገልብጦት፣ አንድ ዘንጉ ጎብጦ፣ አበቃለት ተብሎ ቦይ የሚጣለው ስንት?
ዘንጉን አንተ ታቃናለህ፣ ጨርቁን እኔ እሰፋለሁ።»
«ማን ይከፍለናል?» አልኳት። ዛሬ አፍራለሁ።

ልጃችን ከሳንቲያጎ ደወለ፦
«በዚህ ዕድሜ?» አለ።
«በየትኛው ኖሯል?» አለችው እናቱ።
ዝም አለ። የሳህን ድምፅ ይሰማል ከቤቱ።

ወንድሟ ሊሳንድሮ አበደረን፣ ጣቱን ምራቅ ነክሮ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ቆጥሮ።
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ የባሕር አንበሳ ከሚያጓራበት፣
በር እንጂ መስኮት ያልተፈጠረላት አንዲት ጠባብ ቤት፤
ጠረጴዛ፣ ጉጠት፣ የስፌት መኪና።
ሰሌዳው ላይ የማን ስም ይቅደም ብለን ተጣላንና
ቀለሙ ደረቀ። ስም የለውም ዛሬም፤
ሥዕል ብቻ፦ አንድ ጃንጥላ፣ እሱም ትንሽ ዘመም።

በከፈትን ዕለት ፀሐይ ወጣች።
በማግስቱም ወጣች።
ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ዕድሜ ልክ የለመንነው፣
ያኔ ነው የመጣው።
ዝናብን ሲራገም የኖረው ይኼ አፌ
«ጣል አርገው» ይላል፣ እኔ በሩን ተደግፌ።
አንድ ሰው ገባ። ብድግ አልን ሁለታችን።
አውቶቡስ ማቆሚያው የት ነው ብሎ ነው። እስከ ጥጉ ሸኘነው፣ ከደስታችን።

በአሥረኛው ሌሊት ቆርቆሮው ጠብ፣ ደግሞ ጠብ አለ።
ኤዴልሚራ ነቅታለች፤ ክንዴን ያዘችኝ፤ ትንፋሿ ቆመ፣ ቀጠለ።

መጀመሪያ የመጡት ወይዘሮ ኦቲሊያ ናቸው፣
ጥቁር የወንድ ጃንጥላ ታቅፈው።
«ዘንጉን አቅኑልኝ። እጀታውን ግን እንዳትነኩት፣
ቁልፍ ሲፈልግ በጥርሱ ይይዘው ነበር፣ ይኸው የነከሰበት።»
ዋጋውን ሲጠይቁኝ «ምንም» ልል ስል
ኤዴልሚራ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረግጣ «ሁለት ሺህ ፔሶ» አለች፣ ፈገግ ስትል።

መርፌውን ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፣ ዓይኗ ስለሚደክም፤
ድምሬን የምታርመው እሷ፤ ስምንትና ሰባት ዘንድሮም አልተስማሙልኝም።
ያን የምስጋና ካፖርት ቆርጣ ለሦስት ሰው መጣፊያ አረገችው፤
ዓርማው ዛሬ አንድ ፖስተኛ አናት ላይ ነው የሚዞረው።
ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ማዕድ በልተን፣
ክር በጥርሷ ስትበጥስ ግራ ዓይኗን እንደምትጨፍን
ያወቅሁት አሁን ነው፣ አንድ አግዳሚ ተካፍለን።

ትናንት ስንዘጋ ዶፍ ነበር ሌቱ።
ሠላሳ ሁለት ጃንጥላ፣ የተጠገነ፣ የደረቀ፣ ተሰቅሏል ከቤቱ፤
የኛ የለም፤ የኛን እኔው ነኝ ስለማመድ የሰበርኩት።
«አንዱን እንዋስ፣ ማን ያያል» ብዬ እጄን ዘረጋሁት።
እሷ ቁልፉን እያንቀጫቀጨች
«የሰው ጥላ ነው፣ ተወው» አለች።
«ከሥሩ እስክንወጣ ስንት ዘመን ፈጀብን!»
መብራት አጠፋን። ወጣን። ዘነበብን።

ድልድዩ መሐል ቀጥ አለች፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፦
«መስኮቱን ዘግተኸዋል?»
አየኋት።
«የቱን መስኮት?»