ፈረሱ ጋ ወራጅ አለ

በመስኮቱ በኩል ረዳቱ ብቅ ብሎ
«ፈረሱ! ፈረሱ!» ይላል ድምፁን ስሎ።
ከመጣ ወሩ ነው፤ አይፈረድበትም፤
ስሙን ነው የወረሰ፣ ፈረሱን አላየም።
እኔ ግን ከኋላ፣ ጎማው ላይ ተቀምጬ፣
አንዱን ቃል ሁለቴ ሰማሁት አዳምጬ።

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ጋሪ የታገደ ዓመት፣
ጋሽ ደቻሳ ሠራው፣ በወዳደቀ ብረት፦
ጀርባው ባሌስትራ፣ የኤንትሬ ስባሪ፣
ሆዱ ባዶ በርሜል፣ ሲመቱት ተናጋሪ፤
ዓይኑ ኩሽኔታ ነው፤ ልጆች ሲያዞሩት
ደብረ ዘይትን አይቶ ይመለሳል ወደ ቤት።
ግራ እግሩን አንሥቶ፣ ሊሄድ እንደ ቃጣ፣
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ቆመ፣ ውኃ ጠጣ።

ውበቱን እንጃለት። አንድ ጆሮው ጠማማ፤
«አህያ ነው» ይላል የመጣ ከከተማ።
ግን ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ከፋብሪካ፣
ጥጥ የለበሰ እጄ ጎኑን ሲነካ፣
ብረት ይሞቃል ወይ? ይሞቅ ነበር ለካ።
ልጄ ቢፍቱ ጠፍታ፣ ያን የገበያ ለት፣
እያለቀስኩ ሰፈሩን ሳስስ ቤት ለቤት፣
ጀርባው ላይ ጉብ ብላ፣ አገዳ ስትመጥ ነው ያገኘኋት።

ሌሊት ነው የመጡት። ብልጭታው መስኮቴ ላይ
ርችት መሰለኝና ቀሰቀስኳት፦ «ነይ፣ እይ!»
አየች።
ሲነጋ ሦስት ኮቴ ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል፤
አራተኛው ድሮም መሬት አልነካም፤ ቀድሞ ሄዷል።

ጋሽ ደቻሳ መጣ፣ ከዘራውን ተክሎ፤
ሌላ ቃል አልወጣው፦ «ስንት ሆነ ኪሎ?»
ማን ይመልስለት? ሲኖው በሌሊት ርቋል።
ይኼኔ ቀልጦ፣ ተስቦ፣ ፌሮ ሆኖ ይሆናል፤
የማላውቀው ሰው ፎቅ ተሸክሞ
ኮንክሪት ውስጥ ቆሟል፣
እግሩን ሳያነሣ።

በወሩ ጋራዡ፣ የነትርፌ ሱቅ፣ የኔም አጥር ተከተለ።
መንገድ ይሰፋል አሉ። ይስፋ፤ ማን ከለከለ?
ሰው ቢሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክል ነበር።
ለብረት ምን ወግ አለው? ነጠላዬን ዘቅዝቄ
ሦስት ቀን ሥራ ገባሁ፤ ማን ሞተ ሲሉኝ፣ ስቄ።

አሁን ሣር ነው፣ ዘንባባ ነው፤
መብራቱም ያምራል፣ አልዋሽም።
ሦስቱን ኮቴ የት እንደቀበሯቸው ግን
አትክልተኛውም አያውቅም።

«ፈረሱ ጋ ወራጅ አለ?» ልጁ ደግሞ ይጣራል።
«ፈረሱ» አልኩት።
«አዎ እትዬ፣ ፈረሱ» አለኝ፤ በሩን ከፍቶ ይቸኩላል።
ወረድኩ።
ግራ እግሬ ግን አየር ላይ
ትንሽ ቆየ።