የሒሳብ ደብተር

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ማርጊላን ከተማ፣
ሐር ስንሸምን ኖርን፣ ጆሮ እስከማይሰማ።
«ይህ ሰማያዊ ክር» ይል ነበር አለቃ፣
«የሳማርካንድ ጉልላት፣ ያው እሱ ነው በቃ።»
እኔና ኦይዲን ግን ጉልላት አናውቅም፤
ከቀለሙ በርሜል ዓይናችን አይርቅም።

ጡረታ ወጣን። ጉልበት አብሮን ወጣ።
አንድ ቀን ማለዳ ከደጅ ጩኸት መጣ፦
«ሙናቫር! ተነሺ፣ ሒሳቡ ተሠርቷል፤
ዶሮዎቹን ሸጥኩ፣ ለሁለት ሰው በቅቷል።
ሌሊቱን በባቡር፣ ቀኑን በእግራችን፤
እንቅልፍ ነው ትኬቱ፣ ሐዲድ ነው ቤታችን።
ዓይኔ ደክሟልና አንቺ ትጽፊያለሽ፤
ሆቴል ያልሽ ዕለት ግን ትመለሻለሽ።»

ከርካሹ ፉርጎ ውስጥ የርካሽ ርካሽ አልጋ፣
ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ጥግ ጋ፤
በሩ በተመታ ቁጥር እንነቃለን፣
«ዋጋው እኮ ነው!» ብለን እንስቃለን።
ኦይዲን ላይ ወጣች፣ እኔ ጉልበት የለኝ፤
ቀይ ካልሲዋ ከላይ ሌሊቱን ጠበቀኝ።
«ፍል ውኃ ነፃ ነው» አለች አስተናጋጇ፣
ቁልፎቿን እያንቃጨለች በቀኝ እጇ።
ሻይ ቅጠሉን ከቤት በጨርቅ ቋጥረናል፤
ስኳሩን ከማዶ ወታደሩ ሰጥቶናል።
ጻፍኩ፦ ስኳር፣ አራት ፍሬ። ዋጋ፦ ምርቃት።

ሳማርካንድ ስንደርስ ሌሊቱ ተቀዶ፣
የክራችን ቀለም ከሰማይ ተጋምዶ፣
ተደርድሮ ቆመ ያ ሁሉ ሕንፃ።
«ከውጭው ደረጃ ይታያል በነፃ፤
ለምን ብለን እንግባ? ዓይን አጥር የለው»
አለች። እኔም ተቀመጥኩ፣ ልቤን ቅር እያለው።
ኦይዲን ዝም አለች። አየች። አሁንም አየች።
«አለቃው ዋሽቷል፤ የኛው ይበልጣል» አለች።

ቡኻራ ሙቀት ናት። ከውኃው ገንዳ አፍ
አርጅቶ ደርቋል አንድ የሐር ትል ዛፍ፤
ግንዱን ዳበሰችው እንደ ዘመድ ትከሻ፤
«ባንተ ቅጠል ኖርን እስከ መጨረሻ።»
ግማሽ ዳቦ በልተን፣ ግማሹን ጠቅልለን፣
ወደ ጣቢያው ሄድን ከሐብሐብ ጋር ተጭነን።
ጻፍኩ፦ መጓጓዣ፣ ዜሮ። ጉዳት፦ አንድ ቀሚስ።

ኺቫ ላይ ሒሳቡ እጅ አጠረው፣ ደከመ፤
ሚናሬቱ ረጅም ከፊታችን ቆመ።
የመመለሻው ትኬት ተቀንሶ ሲቀር
ለአንድ ሰው ነው እንጂ ለሁለት አይበቃም ነበር።
«ዕጣ!» አለች ኦይዲን፣ «ዕጣ ነው ዳኛችን።»
አንድ የአፕሪኮት ፍሬ ነበረ በኪሳችን።
ፍሬው በግራዬ ነው፤ ቀኜን ጠቆመች።
አርባ ዓመት የሸመነች ጣት ምን ታጣለች?
ስከፍተው፣ ፍሬው በቀኝ። ኦይዲን ወጣች።

ከታች ጠበቅኳት፣ የሚናሬቱ ጥላ
ከእግሬ እስከ ጉልበቴ ቀስ እያለ ሲሞላ፤
ሁለት ድመት ተጣላ፣ አንዲት ሙሽራ አለፈች፣
ኦይዲን ግን እላይ ነች፤ ገና አልወረደች።

ወረደች። እግሯ ይንቀጠቀጣል።
«ምን አየሽ?» «ምንም። ነፋስ። ያናድዳል።
ገንዘቡን በላነው፤ ቢቀር ይሻል ነበር»
አለች፣ ፊቷን አዙራ ወደ ግንቡ አጥር።

ሌሊት፣ በረሃው ውስጥ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣
ከላይኛው አልጋ ሹክሹክታ እየሰፋ፦
«ሙናቫር... ተኝተሻል?» ትንፋሼን ዋጥኩ።
«ጣራው ሁሉ ጭቃ ነው፤ በጭቃው መካከል
አንድ ጉልላት አለ፣ የሰማይ ክር ሲመስል።
አንዲት ሴት ጣራ ላይ ምንጣፍ ትመታለች፤
አቧራው ሲነሣ ታስነጥሳለች።
ከግንቡ ባሻገር በረሃው ይጀምራል፤
እንዳልተነከረ ሐር ተዘርግቶ ያድራል።
አንቺን አየሁሽ። ትንሽ ነጥብ፣ ቢጫ ሻርፕ።
እጄን አነሣሁልሽ።
አላየሽኝም።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ፣
የት ላይ እንዳረፈች፣ የት ላይ እንደፈራች።
ኡርጌንች አለፈ። በጨለማ ስማቸው የማይነበብ
ጣቢያዎችም አለፉ።
ስለ ፍሬው አልነገርኳትም።

ጠዋት ጻፍኩ፦
ሚናሬት፦ የከፈለ፣ አንድ ሰው። ያየ፣ ሁለት።
ከዚያ ደመርን። ሦስት ሺህ ሱም ጎደለ።
እስከ ታሽከንት ተጨቃጨቅን።