የፈጣሪ ስም

ቡሬ፣ ከገበያው ማዶ፣ ከበቆሎ ወፍጮ በላይ፣
አንዲት ክፍል ናት ቢሮዬ፤ ዱቄት ከመሬት ተነሥቶ የሚያካፋባት ወደ ሰማይ።
ሞተሩ ሲነሣ ጠረጴዛው ይርዳል፣
በማስመሪያ ያሰመርሁት ብር ወንዝን ይመስላል።
«ይታይሽ አስሬ፣ የፓተንት ጠበቃ» ይላል ከደጅ የተሰቀለው፤
ቀለም ቀቢው «ተ»ን ዘንግቷት፣ ሳምንት ሙሉ ሣቀብኝ ቡሬ ያለው የሌለው።
ኋላ ጨመራት፣ ከመስመር በላይ፣ እንደ ዝንብ ያረፈች፣
እስከ ዛሬም እዚያው ናት፣ አልበረረች።

ጸሐፊም እኔ ነኝ፣ ተላላኪም እኔ፣
ወለል ጠራጊም፣ ደሞዝ የዘገየባትም፣ ደሞዝ ያዘገየችውም እኔ።
ስልክ ሲጮህ ድምፄን አቅጥኜ «ይጠብቁ፣ ላገናኝዎ» እላለሁ፤
ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጠበቃዋን ሆኜ እመለሳለሁ።

ሰው ግን የሚያመጣልኝ የመሬት ክርክር፤
«ወንድሜ ገፋብኝ ሦስት ክንድ ድንበር።»
«የኔ ድንበር የሐሳብ ነው፣» እላለሁ፣ «ችካሉም ቃል።»
«ታዲያ በሬ የማይገባበት ማሳ ምን ያበቅላል?»
ይሉኛል፤ ይወጣሉ። ወፍጮው ይቀጥላል።

ቅዳሜ ለት ሽባባው ጓዴ መጣ፣
ደረጃውን ቆም ቆም እያለ ወጣ፣
ከጆንያ ውስጥ ብረት አወጣ።
ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻውን አገሩ ሁሉ የሚሻው፣
ዓይኑን ግን አገሩ ሁሉ የሚሸሸው፤
እህል ሲበላ ቢያልፍ፣ ሞሰቡ የሚከደንበት ሰው።

እጀታውን አዞረ። በቆሎው ተንጣጣ።
ከላንድሮቨር ሞላ የተቆረጠ ጥርስ፣
ቆረቆንዳው ሲወፍር የሚሰፋ፣ ሲቀጥን የሚመለስ፤
ፍሬው ወለሌን ሞላው፣ ከፋይሎቼ መሃል ተበተነ፣
አንድም አልተሰበረ፤ ሁሉም ለዘር የሆነ።

አባቴ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ሳለ፣
የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የደገመ ጓደኛው አፍሮ ኮበለለ።
«ዝረፍ፤ ግን ከራስህ ዝረፍ»፤ ሕጉን ከአባቴ አፍ ነው የሰማሁት፣
ኋላ ነው በአንቀጽ ያጠናሁት።
ስለዚህ ጠየቅሁ፦ «ይህን ያየ አለ? የሸጡለት? ያዋሱት?»
«ሚስቴና ዶሮዎቿ፣» አለ፤ «እነሱም ለማንም አላወሱት።»

ፎርሙን ገለጥሁ። ሦስተኛው መስመር፦ «የፈጣሪ ስም።»
ብዕሩን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።
«ልጄ፣ ፈጣሪ አንድ ነው፤ እሱም ከላይ ነው።
እኔ ብረት ነው የቀጠቀጥሁ፤ ብረቱ የማን ነው?»
«ቃሉ የመንግሥት ነው፣» አልሁ፣ «ሌላ ፍቺ አለው።»
«ሌላ ቃል ፈልጊለት።»
«ፈልሳፊ?»
«ፈላስፋ አይደለሁም።»
«ጠቢብ?» አልሁና ምላሴን ነከስሁ፤
ያችኑ ቃል ጥቂት አጣመው፣ «ጠይብ» ብለው ነው
ሴት ልጁን ከሠርግ ቤት ደጅ የመለሱ።

ወፍጮው ዝም አለ። መብራት ሄዶ ነው።
በዚያ ጸጥታ ሰማሁት፣ ሲተነፍስ፣ ከዚያም ሲናገር፦
«ማረሻዬ ላይ ስሜ የለም። አርባ ዓመት ስሠራ ስሜ አልነበር።
ሲሰበር ግን የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል አገር።
ይሁን። ጻፊው። ግን ከእሱ ዝቅ አርገሽ፤ ከመስመሩ በታች ይደር።»

ጻፍሁት፣ ከመስመሩ በታች፦ ሽባባው ጓዴ።
ተላላኪዋ እኔ ነኝና፣ በሌሊቱ አውቶቡስ፣ ፋይሉ ከጉልበቴ፣ ፍርሃቱ ከሆዴ፣
ዓባይን ወረድሁ፣ ዓባይን ወጣሁ፤
ማኅተም ተመታ፣ ቀን ተያዘ፤ ወደ ዱቄቴ መጣሁ።

ትናንት ደብዳቤ ደረሰኝ፤
«የፈጣሪው ስም ከመስመሩ ወርዷል፤ ይስተካከል» ይላል።
ስለ ጥርሱ ዝም፣ ስለ ሞላው ዝም። ወፍጮው ተነሥቷል፤ ጠረጴዛው ይርዳል።
ሽባባውን ገና አልጠየቅሁትም።
ከደጅ ያቺ «ተ»፣ ካለ መስመሯ፣ ማንም ሳይነካት አለች።
ስልሳ ቀን ሰጥተውኛል። አንዷ አለፈች።