ግማሽ መሳቢያ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከመስጊዱ ማዶ፣
ነሐሴ ነው ወሩ፣ አስፋልቱ ተማግዶ።
ይኸው ሦስተኛ ቀን፣ ከሥራ ስመለስ፣
እዚህ መስታወት ፊት ቆሜ ሳመላልስ፦
ልግዛው? ወይስ ይቅር?

ነጭ ነው፣ ድምቡሼ፣ ሆዱ ድርብርብ፣
እንደ ጠገበ ሕፃን የተቀመጠ ክብ።
«አይስክሬም በቤትዎ፣ በግማሽ ሰዓት» ይላል፤
ከሥሩ፣ በቀይ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ድርሃም ተጽፏል።
ሻጩ ልጅ ለምዶኛል። ትናንት «እህት፣ ግቢ» አለኝ፤
ዛሬ ዝም ብሎ አየኝ።
ከዋጋው ይልቅ ዝምታው ከበደኝ።

ሒሳብ አላጣሁም፤ ከጠዋት እስከ ማታ
የሰው ጥፍር ስሞርድ፣ ስቀባ በተርታ፣
ጉርሻዬን ስቆጥር ነው የምውለው።
የባቃላው አይስክሬም፣ ዱላ ያለው፣
አንዱ በአንድ ድርሃም ነው።
በየቀኑ አንድ እየላስኩ፣
ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው
የዚህን ማሽን ዋጋ የጨረስኩ።
ደግሞ ወተቱ አለ፣ ክሬሙ፣ ስኳሩ፤
ይህን ሁሉ ቆጥሬም እግሮቼ አልዞሩ።

ጣጣው ካርቶኑ ጎን ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ናት፦
«ሳህኑን አስቀድመው ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩ፣ ሃያ አራት ሰዓት።»
ፍሪዘር!
እኛ ቤት ፍሪዘሩ አንድ፣ ሴቶቹ ስድስት፣
መሳቢያው ሦስት።
የላይኛው የማሪቬል ዓሣ ነው፣ ዓይኑ እንዳፈጠጠ፤
ጎኑ የትርሃስ በርበሬ፣ ፌስታሉን የለጠጠ።
መሃለኛው የእናኑና የመዲና፣ በፕላስተር ድንበር ተሰምሮ፣
(ባለፈው ረመዳን ጦር አማዞን ነበር ድንበር የጣሰ ዶሮ)።
የታችኛው ግማሹ የኒሉካ፣ ከነኮኮናቷ፤
ግማሹ የኔ፦ የብራዚል ሥጋ፣ የተረፈ ዳቦ።
መዳፌን ዘርግቼ ሱቁ ውስጥ ሳህኑን ለካሁ፣
ቤት ገብቼ መሳቢያውን ለካሁ፤
በአንድ ጣት ይተርፋል።
ሥጋው ከወጣ፣ ዳቦው ከተበላ፣ ይገባል።

ማታ ፍራሽ ላይ ተኮልኩለን ነገሩን አነሣሁ።
መዲና ሳቀች፦ «ወይ ሰዓዳ!
ያልጋሽ አንድ እግር ጡብ ነው፤ ምኞትሽ የንጉሥ ጓዳ!»
ትርሃስ ደግሞ ወዲያው ነገደች፦
«ዓርብ ዓርብ ሽጪው፣ ኩባያው በሁለት ድርሃም፣
እኔ እከፍልሻለሁ ግማሹን፣ አትፍሪ፣ አልከዳሽም።»
ማሪቬል ሐምራዊውን ነው የምትወደው፣ የአገሯን፣ የድንቹን።
ኒሉካ ተኝታለች።
እናኑ ብቻ ነች፣ ጥፍሯን እየነከሰች፣
«ለምን ፈለግሽው?» ያለች።

ለምን?
አል ዐይን ሳለሁ፣ በሰው ቤት፣ እንዲህ ያለ ነበረ።
ሄልና ዛዕፈራን እያልኩ አራት ዓመት ሠራሁበት።
ማጥፊያው ሰዓት መቼ እንደሆነ ማንም አልነገረኝ፤
ሞተሩ ድምፁን ያወፍራል፣ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፣
ያን ጊዜ ነው። ጆሮዬ ያውቀዋል።
አልከለከሉኝም፣ እውነቱን ልናገር።
«ብዪ እንጂ» ብላኛለች እመቤቲቱ፣ ከአንዴም ሁለቴ።
ሳህን ማጠቢያው ጋ ቆሜ አንድ ማንኪያ አነሣሁ፤
ደወሉ ጠራኝ። ሄድኩ።
ስመለስ ወተት ነበር።

ይህን ለእናኑ አልነገርኳትም። «እንዲሁ» አልኳት።
የወረኢሉንም አልነገርኳት፤
በረዶ ሲወርድ ጣሳ ይዘን ስንሮጥ፣
ስኳር ሰርቀን፣ ጥርሳችን እስኪደነዝዝ ስንቆረጥም፣
ቁጭ ብለን፣
ማንም ሳይጠራን።

ዛሬ በሮላ አላለፍኩም። በጀርባ መንገድ መጣሁ።
ሥጋውን ቀቀልኩት፣ ለስድስት ሆነን በላነው፤
ዳቦውን ለርግቦቹ በመስኮት በተንኩት።
መሳቢያዬን ወለወልኩት። ማሽኑን አልገዛሁም።

ሌሊት ማሪቬል አዲስ ዓሣ ይዛ ገባች።
ፍሪዘሩን ከፈተች፣ የኔን ግማሽ አየች፣
ቆየች፣
ከዚያ ዓሣዋን አጥፋ፣ ጅራቱን ጎንብሳ፣
የራሷ ላይ ጠቀጠቀችው፣ በርበሬውን ገፋ አድርጋ።

ማሽኑ እዚያ፣ መስታወት ውስጥ ነው።
እዚህ ማንም ምንም ያላስቀመጠበት
አንድ ስንዝር ተኩል ባዶ፣
እንደ መመሪያው፣
ነገ ማታ ሃያ አራት ሰዓት ይሞላዋል።