ጋጋሪው ሲዞር

ወገቤ ታመመ፣ ካሮት ስሸከም፤
«ሁለት ወር ተኛ» አሉኝ፣ «ብዙ አትቁም»።
በቂርያት መላኪ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ምን ያደርጋል ሰው፣ ከጣራ በቀር ሳያይ?

ኤልራን፣ የመጨረሻው፣ ገና ዐሥራ ስድስት፣
«አባ፣ ና ተጫወት» አለኝ፣ በዝናቡ ምሽት፤
ጥቁሩን መጫወቻ በእጄ አኑሮ፣
አውራ ጣቴን ይዞ፣ በትዕግሥት አስተምሮ፣
ሀ ሁ ሳስቆጥረው እኔ እንደያዝኩት ድሮ፦
«ይሄ መዝለያ ነው፣ ይሄ መራመጃ፣
ይሄ ክቡ ደግሞ፣ የሰው ዕቃ መውሰጃ።»

ከተማ አለ እዚያ፣ ወንዝ የሚከበው፤
ገበያ አለ፤ ጩኸት፤ ከመሃሉ አንድ ሰው፣
ቀይ ሽርጥ የታጠቀ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው።
እስከ ሰባት ቆጥሮ፣ ወደ ምድጃው ይዞራል፤
ዳቦው በመደቡ ላይ፣ ያለ ጠባቂ ይቀራል።
«አንሳ!» አለኝ ኤልራን። ጣቴ እምቢ አለኝ።
«አንሳው እንጂ አባ! ምነው ፈዘዝክብኝ?
ሰው እኮ አይደለም!» ብሎ ሳቀብኝ።
«እሱ ሰው ባይሆንም፣ እኔ ሰው ነኝ» አልኩት።
ስድስት ሳንቲም ነበረኝ፤ ቆጥሬ ከፈልኩት።

ልጄ ተንከተከተ። ለእናቱ ነገራት፤
«አባ ለኮምፒዩተር፣ ዕዳ ከፈለ» አላት።
እኔ ግን፣ አልዋሽም፣ ያን ሌሊት ኮራሁ፤
ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ራሴን አገኘሁ
ብዬ፣ በጀርባዬ ተኝቼ አደርኩ፣ ሕመሜን ረሳሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ፣
እዚያኛው አገር ላይ፣ ወርዶ ከባድ በረዶ፣
ሳንቲሜ አለቀ። የእኔ ሰውዬ ራበው።
የነፍሱ መለኪያ፣ ቀይዋ መስመር፣ ቀጠነች፤
እንደ ፀጉር ሆነች፤ ልትበጠስ ደረሰች።
ጋጋሪው ዞረ።
                 ሰባት እንኳ አልቆጠርኩም።
አነሣሁ። ማንም አልጮኸ። እኔም አልደነገጥኩም።
በማግስቱ ሁለት። ከዚያ ቅቤውን። ከዚያ
የመበለቲቱን በግ፤ የሽማግሌውን መጥረቢያ።
ጨዋታው ቢመዝነው፣ ቢያየው እንኳ ቀርቦ፣
አንድ ነው የተገዛ፣ የተሰረቀ ዳቦ።
ቢይዙኝስ? በማኅደር ተቀምጦልኛል ትናንት፤
አንዲት ነገር ነክቼ፣ እመለሳለሁ ወደ ንጽሕናዬ ሰዓት።

ወገቤ ሻል ሲለኝ፣ ዱላ ይዤ ወጣሁ፤
ዓርብ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ብዬ፣ ሱፐር መጣሁ።
ምስር፣ ዘይት፣ ሻማ፣ ለባለቤቴ ቅባት።
ካሸሯ ላሪሳ ናት፣ እንቅልፍ ያሸነፋት፤
ለሃምሳው የመቶውን መልስ ቆጥራ አስጨበጠችኝ፤
«ሻባት ሻሎም» ብላ፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እና እኔ፣
የስድስት ሳንቲሙ ሰው፣
የአለቃዬን ቦርሳ ካሮት ውስጥ አግኝቼ
ጭቃ ለጭቃ ሮጬ የመለስኩ ሰው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ቆጥሬ አገኘሁት።
አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ
ክቡን ሲጫን ያዝኩት።

ማን ማንን ሲያስተምር ከርሟል? እኔ ያንን ዓለም
በስድስት ሳንቲም ልገራ ገብቼ ነበር፤ እሱ ግን አልቸኮለም።
ዝም ብሎ ዳቦ ጋገረ። ዞረ። ዞረ። ዞረ።
እጄን እስኪያለምደው ድረስ፣ በየቀኑ ሰባት ቆጠረ።

አሁን በሩ ላይ ነኝ። በራሱ የሚከፈት በር፤
ሰውን ያውቃል መሰለኝ፤ ቆሜ ባየኝ ቁጥር
ይከፈታል። ሊዘጋ ይልና፣ ያየኛል፣ ይከፈታል።
ሃምሳው ሼቄል በእጄ ውስጥ ላብ ጠጥቶ ረጥቧል።
«ሰው እኮ አይደለም» ያለኝ ልጄ፣ ስለ ማን ነበር?
ላሪሳ እንደ ዞረች ናት፤ ከረጢት ታስተካክላለች።
ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ጋሪዋን እየገፋች፣
ሰንበት የደረሰባት፣ ትዕግሥቷ ያለቀባት፣
«አንተ ሰውዬ» አለች፣
«ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ?»