«ባትሪ ቻርጅ እናደርጋለን»

ሰኔ ጅማ ገብቶ ቆርቆሮው ሲመታ
መምህር አፍ የለውም፣ ቢጮህም ላንዳፍታ።
ቀና ብዬ አያለሁ፣ ዚንኩ የተላጠውን፣
ከሚስማሩ ጀምሮ ቡኒ ያለቀሰውን።
እስኪያባራ ድረስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፦
«ኦክሲዳይዚንግ ኤጀንት ማነው?» ራሴንም ጠየቅኩኝ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ይህችው ጥያቄ ጣለችኝ፤
ሰጪና ተቀባዩን አገላብጣ አምታታችኝ።
ሰጪው «ቀናሽ» ይባላል፣
ሲሰጥ ግን ቁጥሩ ያድጋል፤
የተቀበለው ይወርዳል፣
የኤሌክትሮን ስጦታ ኔጌቲቭ ነውና።
ቲቸር ወንድይራድ በቀይ «ገልብጪው» ብሎ ጻፈና
ወረቀቱን መለሰልኝ።

ያስረዳኝ ሹክሪ ነው፣ ወንድሜ፣ ታላቄ፣
ማታ ይዤለት ብሄድ የወደቀ ጥያቄ።
መነኻሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
በጣውላ የጻፈው፦ «ባትሪ ቻርጅ እናደርጋለን»።
ሱሪው ወንፊት ሆኗል፣ አሲድ በልቶት።

«ይኸውልሽ» አለ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣
በጥፍሩ እያሳየ፣ ሽታውን ለምዶ፣ ረስቶ፤
«ሁለቱም እርሳስ ናቸው፣ የአንድ አፈር ልጆች፣
ባንድ ውሃ ውስጥ ያሉ ሁለት ጎረቤቶች።
ይሄኛው ዜሮ ነው፤ ምንም ሳይኖረው ሁለት ይሰጣል፣
ያኛው አራት አለው፤ ተቀብሎ ሁለት ይሆናል።
በሽቦው ሲሻገር ነው የኢሱዙው መብራት የሚበራው፤
ሽቦውን ማን ያያል? ሰው የሚያየው መብራቱን ነው።»

አላልኩትም ያኔ፣ ዛሬም አልወጣኝም፦
ዘጠነኛ ክፍል ላይ እርሳሱን ያስቀመጠው
አባታችን ሲሞት፣ የእኔ እንዳይጎድል ነው።
እርሳስ በእርሳስ ለወጠ፤ ቀላሉን ለእኔ ትቶ
ከባዱን አነሳ፣
ትከሻው እስኪሳሳ።

የመጀመሪያ ደመወዜን እንደያዝኩ ሄድኩ፦
«ማታ ትምህርት ግባ፣ እኔ እከፍላለሁ፣
እኩል እንሁን» አልኩ።
ሳቀ።
«ሁለቱም ወገን እኩል ሁለት ሲሆን እኮ
ባትሪው ሞተ ይባላል።»
«ቻርጅ አይደረግም?»
«ይደረጋል እንጂ። ግን ፕሌቱ ይረግፋል፣
ዝቃጩ ታች ይተኛል፤
ተሞላ ብለሽ ስታስነሺ፣ ጠዋት ብርድ ላይ ይከዳል።»
ዝም አለ ቆይቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፦
«መቼ ነው ምዝገባው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝናቡ ጋብ አለ። ኢፍቱ እጇን አወጣች፣
ከኋላ ወንበር፣ ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ፦
«ቲቸር፣ የሚሰጠው ለምን ‹ቀናሽ› ተባለ?»

ጠመኔውን ሰጠኋት።