ሰማያዊው ቧንቧ

"ዘምዘምን ምች መታት" አለች ለተብርሃን፤
ሻርጃ፣ ሮላ ሠፈር፣ በሐምሌ አጋማሽ ቀን።
እዚህ ምች ያልመታው የትኛው ሰው አለ?
ከኤሲ የወጣ እሳት ውስጥ ነው የዋለ።
ከሚሴ ይሄኔ ጭቃ ነው፣ ዶፍ ነው፤
የኛ ሐምሌ ግን ከምድጃ ጎን ነው።

ስድስት ሆነን ባንድ ክፍል፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣
የዘምዘም የታችኛው፣ ለመስኮቱ የተጠጋ።
ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ "በረደኝ" ትላለች፤
ግንባሯን ብነካው እንደ ፍም ትፋጃለች።

አያንቱ ብርድ ልብሷን ከላይ ወረወረች፣
ለተብርሃን ደግሞ የራሷን ደረበች፤
"ያልባት እንጂ፣ ያልባት! ላብ ነው የሚያወጣው!"
እኔም ያደግኩበት፣ የማውቀው ይህን ነው፦
ዳማከሴ ጨምቀው፣ ባፍንጫ ጠብ አርገው፣
በጋቢ ጠቅልለው፣ ራስን ሸፍነው።
ሻንጣዬን ፈተሽኩ፤ ያመጣሁት ዳማከሴ
ዱቄት ሆኗል፤ ሽታው ብቻ ገባ እስከ ነፍሴ።

ግን ሌላም አውቃለሁ።
የማዳምን ልጅ፣ ራሺድን፣ ሦስት ዓመት ሳሳድግ
አንድ ሌሊት ገላው እንዲሁ እንደ ፍም ሲያደርግ
ሐኪሙ ቤት መጣ። እሷ ስታለቅስ፣ እኔ አቅፌ ቆሜ፣
ያለውን ያዝኩት፣ በሰባራ ዓረብኛ አስማምቼ፣ ተርጉሜ፦

"ትኩሳት ሌባው አይደለም፤ ሌባ ገባ ባዩ ነው፤
እሳቱን ያነደደው ገላው ራሱ ነው።
አታፍኑት። ልብሱን አሳሱለት።
በረዶ አይንካው፤ ለብ ባለ ጨርቅ አንገቱን፣ ብብቱን አርሱለት።
ውሃ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት።
አንገቱ ከደረቀ፣ መጠጣት እምቢ ካለ፣
ሰዓት አትቁጠሩ፤ ያኔውኑ አምጡት።"

ለልጁ ነው የተነገረው፤ እኔን ያየኝም የለም።
ጆሮ ግን ኮንትራት አይፈርምም።

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ። "ልትገያት ነው!" አለች አያንቱ።
ጨርቅ ይዤ ሄድኩ፣ ወደ ቧንቧው፣ ወደ ሁለቱ።

እዚህ በሐምሌ ሰማያዊው ቧንቧ ይፈላል፤
ጣራ ላይ ያለውን በርሜል ፀሐይ ሲቀቅለው ይውላል።
ቀዝቃዛው ቀዩ ነው፤ ማሞቂያው ከግንቦት ጠፍቶ
ውሃው ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ከፀሐይ ዓይን ሸሽቶ።
እንግዳ ሰማያዊውን አምኖ እጁን ይቃጠላል፤
እኛም የመጣን ሰሞን
ቀለሙን አይተን፣
ወረቀቱን አምነን…
ይሄስ ይቆየን።

ከቀዩ ቀዳሁ። ጨርቁን እየቀያየርኩ፣
"ስምሽ እኮ ውሃ ነው፣ ጠጪ እንጂ" እያልኩ፣
ሎሚ ጠብ አርጌ፣ ስኳርና ጨው ቆንጥሬ፣
በሻይ ማንኪያ፣ በሻይ ማንኪያ፣ ከንፈሯን አስከፍቼ፣ አባብዬ፣ ተማርሬ።
ማሪቴስ ከጎረቤት ክፍል
ቴርሞሜትሯንና ፓናዶል አቀበለችን።
ሠላሳ ዘጠኝ ከአምስት።
በወተት ካርቶን ጀርባ፣ ከሰዓቱ ጋር ጻፍኩት።

"ሐኪም ቤት" ያለ የለም። ቃሉ ግን መሐላችን ተቀምጧል፤
ዘምዘም ኢቃማ የላትም፣ በር ላይ ወረቀት ይጠየቃል።
በሹክሹክታ መከርን። ሲነጋ ካልወረደላት
መታወቂያ ኖረም ቀረም፣ ተሸክመን ልንወስዳት።
ለተብርሃን ማለች። አያንቱ ጫማዋን አጥልቃ ተኛች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ዘምዘም በእንቅልፏ አወራች፦
"ጣራው አፈሰሰ፣ ባልዲውን አቅርቡ፤
ፍየሎቹ ራሱ፣ ወደ ቤት አስገቡ።"
መስኮቱን አየሁት፤ አቧራ ነው፤ ጠብታ የለም።
የሷን ዝናብ ግን አላቋረጥኩባትም።

አዛን ሲል አንገቷ ሥር እጄ ረጠበ።
ጨርቁ መስሎኝ ነበር፤ ላብ ነው።
ሠላሳ ሰባት ከስምንት። ደግሜ ለካሁት።
ካርቶኑ ላይ ጻፍኩና፣ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ዓይኗን ገለጠች። "ዛሬ ምንድነው?"
"ሐሙስ።"
"ሐሙስማ የሴትዮዋ መስኮት ነው" ብላ ልትነሳ ተንፈራገጠች።
"መስኮቱ አይሸሽም፤ ተኚ" አልኳት። ተኛች።

ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። እንቅልፍ ዓይኔን ይዞኝ፣
ሰማያዊውን ከፈትኩት።